የተዋበች ቡና

በሃያዎቹ ዕድሜዬ መጀመሪያ ላይ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ስለሆነው ስለ ካሣና ስለ ሚስቱ ስለ ተዋበች ፍቅር ልብ ወለድ እጽፍ ነበር። ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደጨረስኩ ረቂቁን ይዤ ጣራ ገዳም ሥር ወደሚኖሩት አክስቴ ቤት ሄድኩ። ጥር ነው። እህሉ ገብቷል፤ አውድማው ባዶ ነው፤ ሴቶቹ ስፌታቸውን አውጥተዋል። አክስቴ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አክርማውን በስንደዶው ላይ ይጠመጥማሉ። እኔ ከጎናቸው መደቡ ላይ ተቀምጬ አነብላቸዋለሁ። ፊደል አልቆጠሩም እንጂ ታሪክ ሲነበብ መስማት ነፍሳቸው ነው።

ያን ቀን ያነበብኩላቸው የምኮራበትን ቦታ ነበር። ደብረ ታቦር፣ ራስ አሊ ግቢ፣ የሠርጉ ግርግር አልፎ ሙሽሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የቀሩበት ምሽት። ተዋበች ቡና ትቆላለች። ካሣ አንገቱን ደፍቶ እጇን ያያል። አቦሉ በዝምታ ይጠጣል፤ በቶናው ስለ ቋራ ቆላ ያጫውታታል፤ በረካው ላይ ስኒውን ስትሰጠው ጣቶቻቸው ይነካካሉ። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

«ቆይ» አሉኝ አክስቴ። ወስፌያቸው አየር ላይ ቀረ። «ቡናውን ማን ሰጣት?»

«እንዴት ማን ሰጣት? የራስ ልጅ አይደለች?»

«አይ ልጄ፣ ስለ ሀብቷ አላልኩም። አያቴ እንኳ ቡና ቤቷ አልገባም ነበር። የዱሮ ሰዎች ‹የእስላም መጠጥ ነው› ይሉ ነበር አሉ። ይቺማ የትናየት ጊዜ ነው የነበረች። ንስሐ አባቷ ምን ይሏት?»

«አክስቴ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ይሁና» አሉ፤ ወስፌውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ምዕራፉን አንብቤ ጨረስኩ። ከዚያች ቃል በኋላ ግን የሚሰሙኝ ለጨዋነት ነበር። ጣቶቹ ሲነካኩ ምንም አልተሰማቸውም፤ ምክንያቱም እሳቸው ዘንድ ስኒው አልነበረም። ስኒው ከሌለ ጣቶቹ በምን ይነካካሉ?

በታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ላይ ሲነሳ የኖረውን ክርክር ሳስብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ያ አየር ላይ የቀረ ወስፌ ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው እንደ ሁለት ባላንጣዎች ሙግት ነው። በአንድ ወገን የታሪክ እውነት፣ በሌላው ወገን የአንባቢ ደስታ፤ ደራሲው ለአንዱ ሲያደላ ከሌላው የሚቀማ ይመስል። አክስቴ የታሪክ ምሁር አልነበሩም። ዓመተ ምሕረት አላረሙልኝም። ደስታቸውን ፈልገው ነው የተቀመጡት፤ ደስታቸውን የነጠቃቸው የእኔ ስንፍና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ለአንባቢ ደስታ ስል ታሪኩን ትንሽ አላላሁት» የሚል ደራሲ ስሰማ የየትኛውን አንባቢ ደስታ ነው እላለሁ።

ነገሩን ለማጣራት ስል ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትም እንደፈራሁት ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የደጋው ክርስቲያን በአብዛኛው ቡና አይጠጣም፤ ካህናቱ ያወግዙት ነበር። ነገሩ የላላው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ለመላላቱም የጳጳሱ የአቡነ ማቴዎስ ድርሻ ትልቅ እንደነበር ይጻፋል። ቡናው ግን ሩቅ አልነበረም። ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ፣ በገዳማቱ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ተለቅሞ ወደ ገበያ ይወጣል። የሚያለማው ክርስቲያን አይጠጣውም እንጂ።

ምዕራፉን ልቀደው ነበር። ሳስበው ግን ሌላ ነገር መጣ። ተዋበች የማን ልጅ ናት? የራስ አሊ። ራስ አሊ ከየጁ መሳፍንት፣ ከወረሼህ ቤት ናቸው፤ ዘራቸው ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባ። ጠላቶቻቸው ስለ ሃይማኖታቸው ከማንሾካሾክ ያላረፉ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ከዚያ ቤት የወጣች ልጅ ለቋራው ሰው፣ ዳዊት ደጋሚ ለሆነው ሰው፣ በጫጉላዋ ምሽት ቡና ብታፈላ ምን ማለት ነው? ሽታው ከእልፍኙ ቢወጣ ማን ይሰማዋል? አያቷ እቴጌ መነን ይህን ሰው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይንቁታል፤ እሷ ደግሞ የገዛ ቤቷን ሐሜት በስኒ ቀድታ ልትሰጠው ነው። እኔ የዛሬውን ቡና፣ የማታ ማታ የጎረቤት ጨዋታ የሚደራበትን ቡና ወስጄ እልፍኟ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። እውነተኛው ታሪክ የሰጠኝ ቡና ግን ምስጢር ነው፤ ድፍረት ነው፤ ልብ የሚያንጠለጥል ነው።

ስሕተት የአዋቂዎች ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። እኔ እንዳየሁት ስሕተት ብዙውን ጊዜ የምናብ ድርቀት ምልክት ነው። ደራሲው ያለፈውን ዘመን ማየት ሲያቅተው የራሱን ዘመን ጥበብ ያለብሰዋል።

የዛሬው መልክዐ ምድርም ቢሆን ያሳስታል። ደብረ ታቦርን ለመጻፍ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሄዶ ማየት ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር አርባ ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ የሚል መንገድ ነው። ወደ ኋላው ዞር ብሎ ቢያይ የፎገራ ሜዳ በሩዝ ተሸፍኗል፤ ሩዙ ግን በደርግ ዘመን የመጣ ነው። ወደ ጉና ቢወጣ ማሳው ድንች ነው። ድንችን ወደ አገራችን አስገባ የሚባለው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ ጊዜው በ1851 ዓ.ም. ገደማ፣ ተዋበች ካረፈች ወዲያ ነው። ከተማውን የከበበው ባሕር ዛፍ ደግሞ በምኒልክ ዘመን የገባ ነው። ስለዚህ ያ ደራሲ ከመስኮቱ ያየውን ሁሉ በታማኝነት ቢጽፍ፣ ካሣን ሊያውቀው በማይችል ዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ አይቶት በማያውቅ ምግብ ያበላዋል።

በነገራችን ላይ ባሕር ዛፍን አምጥቷል የሚባለው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ፣ አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉትን የዐፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕል ያሳተመው ሰው ነው። የዘመኑን ጽሑፍ ከመጥፋት ያዳነውና የዘመኑን ተራራ በአዲስ ቅጠል የሸፈነው አንድ ሰው መሆኑ ይደንቀኛል።

ታዲያ የዚያን ዘመን ተራራ የት ይታያል? እኔ ያየሁት ጣራ ገዳም ነው። ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ፣ አቀበቱ ላይ፣ ገዳሙ ለዘመናት የጠበቀው ደን አለ። ወይራው፣ ብሳናው፣ አጋሙ፣ በየግንዱ ላይ የተንጠለጠለው ሽበት። በደቡብ ጎንደር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ እንዲህ ያሉ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትንንሽ ደኖች አሉ፤ ከላይ የሚያያቸው ሰው በታረሰው ምድር ላይ የተበተኑ አረንጓዴ ነጥቦች ያያል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች የዘር ግምጃ ቤት ይሏቸዋል። ለደራሲ ደግሞ ቤተ መዛግብት ናቸው። ጣራ ገዳም ደን ውስጥ ጠዋት ገብቼ፣ ጉሬዛው ሲጮህ፣ የረገፈው ቅጠል ከእግሬ ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ ካሣ በሽፍትነቱ ዘመን የሰማው ድምፅ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብያለሁ። ብራናው የማይነግረኝ ይህን ነው። የብራናው ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ለመጻፍ ምን ቸገረው? እሱ የሚኖርበት ነበረ።

ቋንቋችን ራሱ ከዚህ ክርክር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። «ታሪክ» ስንል የሆነውንም ማለታችን ነው፤ የሚተረከውንም። አክስቴ «እስቲ አንድ ታሪክ አንብብልኝ» ሲሉኝ የትኛውን እንደሆነ ለይተው አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ እሳቸውም የዘጌ ሰው ናቸው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት። በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም የታወቀው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ነው። ጦርነት አለው፤ የወንድ ልብስ የለበሰች ልጅ አለችው፤ ፍቅር አለው፤ ዘመኑ ግን አይታወቅም። የመጽሐፉ ስም ከጊዜ በኋላ ለዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ልብ የወለደው ታሪክ። ስሙ ላይ እናትየዋም ልጅየውም አሉ። እኛ ግን እያሳጠርን «ልብ ወለድ» ብቻ አልነውና «ታሪክ» የሚለው ወደቀ።

እኚሁ ደራሲ ከአንድ ዓመት በኋላ የእውነቱን ታሪክ፣ «ዳግማዊ ምኒልክ»ን፣ ሲጽፉ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አዳልተዋል ሲሉ ወቀሷቸው። የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ ዘመኑ በማይታወቀው ልብ ወለዳቸው ዋሹ ያላቸው የለም። የተወቀሱት ታሪክ ብለው በጻፉት ነው። አንባቢ ልብ ላለው ሰው ስለ ልብ ወለዱ ምሕረት ያደርጋል፤ የማይምረው ታሪክ ነው ተብሎ ተሰጥቶት ሌላ ነገር ሲያገኝ ነው።

ከዚያም በፊት አለቃ ዘነብ ነበሩ። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉ የዘመኑ ሰው ናቸው፤ ሊትማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1902 አሳትሞታል። እኚሁ አለቃ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» የተባለ ሌላ መጽሐፍም አላቸው። የንጉሥ ዜና መዋዕል የጻፈች እጅ የጨዋታ መጽሐፍም ጻፈች፤ የሥጋም የመንፈስም ጨዋታ። ጨዋታ ቁም ነገርን ይሽረዋል የሚል ፍርሃት አላገኘሁባቸውም። ዜና መዋዕላቸው ራሱ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ካሣን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ ያዋረደው ደጃዝማች ወንድይራድ ድል ሆኖ ሲማረክ ኮሶ አጠጡት የሚለውን ታሪክ የሰማ የበጌምድር ልጅ ማን ይረሳዋል?

እዚህ ላይ ለአንባቢ ደስታ መከራከር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጠበቃ የለውምና። እኔን ጨምሮ የእኔ ትውልድ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የገባው በመማሪያ መጽሐፍ በር አይደለም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. በተውኔት አመጧቸው፤ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 «አንድ ለናቱ»ን ጻፉ። ርእሶቹን እዩአቸው። አንደኛው ዕንባ ይላል፣ ሌላው እናት። ከዘውዱና ከመድፉ በፊት ዓይንና ማህፀን። እነዚህ መጻሕፍት ባይኖሩ ለብዙዎቻችን ቴዎድሮስ የፈተና ጥያቄ ሆኖ ይቀር ነበር። አንድ ተማሪ የፍቅር ታሪክ ብሎ የጀመረውን መጽሐፍ ሲጨርስ ስለ አይሻል ጦርነት ሊያውቅ ቢሮጥ፣ ያ ደስታ ለታሪክ ባለውለታ ነው።

ጣሊያናዊው ማንዞኒ ግን በዚህ አይስማማም ነበር። እሱ በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «እጮኛሞቹ» በዓለም ከታወቁት ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለዶች አንዱ ነው፤ በሎምባርዲያ ረኀብና በሚላኖ ወረርሽኝ መካከል ሊጋቡ ስለሚሞክሩ ሁለት የገጠር ልጆች። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1850 ባሳተመው ድርሰት ግን ታሪክና ፈጠራ አንድ ላይ አይቀላቀሉም፣ አንባቢው የቱ የሆነ የቱ የተፈጠረ መሆኑን ሊያውቅ ሲፈልግ ደራሲው መልስ የለውም ብሎ የራሱን ዘርፍ ከሰሰ። በክሱ አልስማማም፤ ግን አቀልለዋለሁ ማለት አይደለም። ከክሱ ይልቅ ከመጽሐፉ የተማርኩት ይበልጣል። አፍቃሪዎቹን ነገሥታት አላደረጋቸውም። ታሪክ የማያውቃቸውን ሁለት ሰዎች ወስዶ፣ ታሪክ የሚያውቀውን ረኀብና መቅሠፍት በላያቸው አወረደው። የእኛው ሐዲስ ዓለማየሁም በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለንና በዛብህን ከልባቸው ወልደው፣ የጎጃምን ግብር፣ የቆሎ ተማሪውን ኑሮ፣ የባላባቱን ቤት ሥርዓት ግን ከነበረው አምጥተዋል። በሰብለ ዕንባ ላይ «ይህ አልሆነም» የሚል አንባቢ አላጋጠመኝም።

ተዋበችን የሚጽፍ ሰው ግን ይህ ምቾት የለውም። ነበረች። በ1840 ዓ.ም. ገደማ ለካሣ ተሰጠች። አባቷ የሰጧት ሸፍቶ ያስቸገራቸውን ሰው በዝምድና ለማሰር ነበር፤ እሷ ግን ወደ ባሏ አደላች። ሰኔ 1845 ባሏ አባቷን አይሻል ላይ ድል አደረገ። የካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሠ። ነሐሴ 1850 እሷ አረፈች፤ ልጅ አልወለደችለትም። ከዚህ ሌላ በርግጠኝነት የምናውቀው ጥቂት ነው። አባቷ ሲሸሹ የት ነበረች? አለቀሰች ወይስ እልል አለች? ብራናው ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው የፍቅር ልብ ወለድ ቤት የሚሠራው፤ እኔም ቤት እንዳይሠራ አልከለክልም። ባዶ ቦታ ነውና። ቡናዋን እዚያ ታፍላ።

የምፈራው ሌላ ነው፤ አንዲት ቃል ነች። «ስለዚህ» የምትባል።

ተዋበች ሞተች፤ ስለዚህ ንጉሡ ጨካኝ ሆነ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዘመኑ የነበሩ አውሮጳውያን ጽፈውታል፤ ደራሲዎች አስጊጠውታል፤ እኔም አምስተኛውን ምዕራፍ በዚህ ልጨርስ አስቤ ነበር። የሚያምር ነው። ፍቅር የገራው አንበሳ፣ ፍቅሩን ሲያጣ ዱር የገባ አንበሳ። አንባቢ ያነብበውና ሁሉንም ይቅር ይላል። ዜና መዋዕል ጸሐፊ «ከዚህ በኋላ» ሊል ይችላል፤ «ከዚህ በኋላ» የጊዜ ቃል ናት፤ የፀሐይ መውጣትና መግባት ናት። «ስለዚህ» ግን ፍርድ ናት። የፍቅር ልብ ወለድ ሳናውቀው አንዷን በሌላዋ ይተካል፤ ደስታችንም በአብዛኛው ከዚያ ልውውጥ ይመጣል። ልብ ምክንያት ይወዳልና።

እሷ በሕይወት ሳለችም ዘመቻው ለስላሳ አልነበረም። ከቤተ ክህነት ጋር የተጣላው በመሬት ነው፤ ብዙ ወታደር ለማኖር የገዳማትና የአድባራት መሬት አስፈለገው። አውራጃዎቹ አንዱ ሲገባ ሌላው ሸፈተ። በ1859 ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። በ1860 መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሳ ከተማዪቱን አቃጥሎ ነው የሄደው፤ ጋፋት ላይ ያስቀለጠውን ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተተ፣ መንገዱን እየቆፈረ፣ ስድስት ወር ያህል ተጉዞ መቅደላ ደረሰ። ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት ሞት ይመዘን? ለእሷም ግፍ ነው። በሕይወቷ ጊዜ ያልተጠየቀችውን ሴት፣ ከሞተች በኋላ ለጎንደር መቃጠል ምክንያት ማድረግ።

ይህንንም ያወቅኩት በራሴ ብልሃት አይደለም። በሌላ ዓመት ጥር አክስቴ ዘንድ ነኝ። ወደ አይሻል የሚዘምተውን ጦር እያነበብኩላቸው ነው፤ ፈረሱ፣ ጋሻው፣ ነጋሪቱ። ጥሩ ጽፌዋለሁ። አክስቴ ስፌታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦

«ያን ሁሉ ሰው ማን አበላው?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው የሰሙትን አጫወቱኝ። ወታደር በየገበሬው ቤት ይመራ ነበር፤ የመጣው ሁሉ ብላ አይባልም፣ ራሱ ይበላል። ሰዎች እህላቸውን ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩ ነበር፤ ከላዩ እሳት ያነዱበታል፣ አፈሩ አዲስ እንዳይመስል። ልጅ እንዳያወራ ልጆቹ ሲተኙ ነው የሚቀበረው። ይህን ሲነግሩኝ ስለ የትኛው ንጉሥ ጦር እንደሆነ አልለዩም፤ ለገበሬው ልዩነት አልነበረውም ይሆናል። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ጉድጓዱን አሰብኩ። በእኔ ልብ ወለድ ውስጥ እልፍኝ አለ፣ ድንኳን አለ፣ የጦር ሜዳ አለ፤ ጉድጓድ የለም። የእኔ ቅድመ አያቶች ያሉት ጉድጓዱ አጠገብ ነው። የራሴን ሰዎች ከራሴ መጽሐፍ አስወጥቼ የነገሥታቱን መኝታ ቤት ስጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ታሪክ እውነት ስጠየቅ የማስበው ስለ ጥልፉና ስለ ጎራዴው አይደለም። የጥልፍ ስሕተት አክስቴ ዓይነት አንባቢ ታርመዋለች። የማይታረመው፣ ከውበቱ የተነሳ የማይታየው፣ ታሪኩ አምሮ እንዲወጣ ሲባል ከገጹ የተባረረው ሰው ነው።

ደግሞ እውነቱ ሳያምር ቀርቶ አይደለም። የመቅደላን መጨረሻ ውሰዱ። መቅደላ ሥር፣ አሮጌ ላይ፣ የንጉሡ ጦር በእንግሊዞች የተፈታው በስቅለት ዓርብ ነው፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860። አንዳንድ ጸሐፊ በዚያ ምሽት ሥጋና ጠጅ ያቀርባል፤ ጾም መሆኑን ረስቶ። ያ ሠራዊት ግን የተዋጋው ስግደት በሚሰገድበት ቀን ነበር። እሑድ ትንሣኤ ሆነ፤ ንጉሡ ለእንግሊዙ ጄኔራል ለናፒየር ላምና በግ ላከ፤ የፋሲካ መፈሰኪያ። አልተቀበሉትም። በማግስቱ ሰኞ በገዛ እጁ ሞተ። በጾም ማግሥት የላከው መፈሰኪያ ተመልሶ መምጣቱ ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል። ከዚህ የተሻለ ማን ይፈጥራል?

ጥሩወርቅስ? የፍቅር ልብ ወለድ ጥሩወርቅን አይወዳትም። ከተዋበች በኋላ መጥታለችና፤ ኩሩ ናትና። አባቷ ደጃዝማች ውቤ በባሏ እጅ ታስረው ሳለ ተዳረች። ንጉሡ ሲገባ ዳዊቷን እየደገመች አትነሣለትም ነበር ይባላል። ብዙ ጸሐፊ ይህን የሚያነሳው የተዋበችን ደግነት አጉልቶ ለማሳየት ነው። እኔ ግን ያን ዳዊት ደግሜ ደጋግሜ አስበዋለሁ። አባትሽን ያሰረው ሰው እልፍኝሽ ሲገባ ከንጉሥ ከፍ ያለውን እያናገርሽ እንደሆነ ከማሳየት ሌላ ምን መሣሪያ አለሽ? ከመቅደላ በኋላ ልጇን ዓለማየሁን ይዛ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጣች፤ ግንቦት 1860 ትግራይ ላይ አረፈች፤ ጨለቆት ተቀበረች። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። በ1872 እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ። የፍቅር ልብ ወለድ ደስ የሚያሰኝ ጋብቻ ብቻ ከፈለገ ይህችን ሴት መቼም አያያትም። ፍቅር የሌለበትን ጋብቻ በርኅራኄ መጻፍ የሚችል ደራሲ ቢነሳላት እኔ ከመጀመሪያዎቹ አንባቢዎቿ አንዱ እሆናለሁ።

አክስቴ አሁን አርጅተዋል፤ ወስፌውን በዳሰሳ ነው የሚይዙት። ባለፈው ጥር ምዕራፉን እንደገና ጽፌው ሄድኩ። እልፍኙ ያው ነው። ሠርጉ አልፏል። ተዋበች በሩን አስዘግታ መጋረጃውን አስወርዳለች፤ ከየጁ አብራት የመጣችው ሞግዚቷ ፍሬውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ያመጣችው። ሽታው እንዳይወጣ ከርቤና ዕጣን አብረው ያጨሳሉ። የአያቷ ሰዎች ደጅ ላይ ናቸው። ካሣ ከአደባባይ እየመጣ ነው፤ ኮቴው ይሰማል፤ ሞግዚቷ ምጣዱን ልታነሳ ስትል ተዋበች እጇን ይዛ ታስቀራታለች።

እዚያ ላይ ነበር ያቆምኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ገና አልጻፍኩትም ነበርና ወረቀቱን አጠፍኩ።

አክስቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«እና ሸተተው?»